“ተናገሩ” ከሚሉን ዝነኞች ምን እንጠይቅ?



በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጃፓናዊቷ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ናኦሚ ኦሳካ ፓሪስ ላይ ከሚካሄደው ትልቅ ውድድር ራሷን አገለለች። ከሦስት ዓመት ወዲህ ድብርት እየተመላለሰ እንደሚያሠቃያት፣ ጋዜጠኞች ፊት መቀመጥም እንደሚያስጨንቃት በይፋ ተናገረች። አዘጋጆቹ መግለጫ አልሰጥም በማለቷ ቀደም ብለው 15 ሺህ ዶላር ቀጥተዋት ነበር። በዚያው ወር የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ከኦፕራ ዊንፍሬ ጋር ስለ አእምሮ ጤና ያዘጋጀው ተከታታይ ፊልም ወጣ። ሐምሌ 20 ቀን ደግሞ አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ የቶኪዮ ኦሊምፒክን የቡድን ፍጻሜ አቋርጣ ወጣች፤ የአእምሮዬ ጤና ይቀድማል አለች። ዓለም ስለ ሦስቱ ሲከራከር ከረመ። ከፊሉ ጀግኖች አላቸው፤ ከፊሉ ደግሞ እኛም ዘንድ በሚታወቀው አነጋገር “የጥጋብ ነው” ብሎ ዘጋው። ባይልስ በወጣች በሳምንት ከጥቂት ቀን፣ ሐምሌ 29፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ይካሄድ የነበረው ጦርነት ላሊበላ ገባ። በዚያ ክረምት በላስታ ደጋ እንቅልፍ ስላጣው፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ስለሚበረግገው ሰው ግን የተከራከረ አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት ዝነኞቹን ለመውቀስ አይደለም። “የጥጋብ ነው” በሚለው ወቀሳ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጣብቀው ስለሚገኙ እነሱን መለየት ስለሚያስፈልግ ነው። አንደኛው ባለጸጋ ሰው በአእምሮው አይታመምም፣ ቢታመምም ሕመሙ የምር አይደለም የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው። ሁለተኛው ባለጸጋው ታሞ የሚሄድበት መንገድና ድኻው ታሞ የሚሄድበት መንገድ አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ባለጸጋው ከራሱ ተሞክሮ ተነሥቶ ለሁሉም የሚሰጠው ምክር ለሁሉም አይሠራም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጨነግፈው የመጀመሪያውን የያዘው ሰው ሁለተኛውን የተናገረ ስለሚመስለው፣ ሁለተኛውን የሚያነሣውም እንደ ጨካኝ ስለሚቆጠር ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ዝነኛውን መመዘን ያለብን በሀብቱም በሕመሙም ሳይሆን በሚጠይቀው ነገር ነው። ምን እንዲደረግ ይጠይቃል? የሚጠይቀውስ ማንን ነው?

ከ100 ዓመት በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ክሊፈርድ ቢርስ የሚባል አሜሪካዊ፣ የየል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1903 በአእምሮ ሕመም ሦስት ሆስፒታሎች ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። ጠባቂዎች ደብድበውታል፤ እጁን አስረው ብርድ ላይ አስተኝተውታል። ሲድን የደረሰበትን ጽፎ በ1908 አሳተመ። መጽሐፉ የተነበበው ዕውነቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው የተማረ ነው፤ በዘመኑ ገናና የነበረው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ ደግፎ ጽፎለታል፤ ገንዘብ ያላቸው ወዳጆችም ነበሩት። በዚያው ክፍል አብረውት የተደበደቡ፣ መጻፍ የማይችሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱን ድምፅ ማንም አልሰማም። ታዲያ ቢርስ በመደቡ ስለተሰማ ዝም ማለት ነበረበት? አልነበረበትም። የጠየቀው ደግሞ ስለ እሱ እንዲታዘንለት አልነበረም፤ ሆስፒታሎቹ እንዲለወጡ ነው እንጂ። በ1909 ለዚሁ ዓላማ ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቋመ። መደቡ የከፈተለትን በር ከኋላው ለቀሩት መግቢያ አደረገው ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ዝነኞች በብዛት የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ልዑል ዊሊያም፣ ባለቤቱ ኬትና ሃሪ በእንግሊዝ የጀመሩት ዘመቻ ዋና ጥሪው ሰው ስለ አእምሮው ሳያፍር እንዲነጋገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡትም አብዛኞቹ የሚሉት ያንኑ ነው፤ ተናገሩ፣ አትፈሩ፣ እርዳታ ጠይቁ። ክፉ ምክር አይደለም። ነገር ግን ይህ ምክር የሚሠራው የተናገረውን ሰምቶ የሚያክም ሰው በቅርብ ሲኖር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ሳይኮሲስ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ሕክምና የሚያገኙት ሀብታም በሆኑት አገሮች 70 በመቶ፣ ድኻ በሆኑት 12 በመቶ ናቸው። ለሰባው የሚበጅ ምክር ለአሥራ ሁለቱ ወገን ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል። አንዱን “በሩን አንኳኳ” ይለዋል፤ ሌላውን በር የሌለበት ግድግዳ ፊት ያቆመዋል።

እኛ ያለንበትን ደግሞ እንየው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አሥራ አንድ ገደማ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ጎንደርና ጅማም ያሠለጥናሉ። ሆኖም ሐኪሙ የሚገኘው ከተማ ነው፤ በሽተኛው ያለው ገጠር ነው። ከዚህ ከላስታው ኩልመስክ ወልድያ ወይም ደሴ ለመድረስ ለበሽተኛው፣ ለአስታማሚው፣ ብዙ ጊዜም በሽተኛውን ለሚይዝ ሦስተኛ ሰው የመኪና ክፍያ ያስፈልጋል። ዝነኛው “እርዳታ ጠይቁ” ሲል ይህን ክፍያ ያስበዋል ብዬ አላምንም፤ ከፍሎት ስለማያውቅ።

ከመኪናው ክፍያ ይልቅ ግን የቡታጅራው ጥናት የነገረን ይከብዳል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራና አካባቢው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረዋል። ከእነዚህ መካከል ከባድ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታተሏቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ። ከጤነኛው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ዕድሜያቸው በ28 ዓመት ገደማ ያጠረ ነበር። ከምን ሞቱ? ስለ አእምሮ ሕመም ሲወራ ሁሉም ራስን ማጥፋትን ያስባል፤ እሱም አለ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። ድኻን የሚገድለው በሽታ እነሱን ቀድሞ ገደላቸው ማለት ነው። ሰውየው ቢናገር፣ ባያፍር፣ ጎረቤቱም ባይስቅበት እንኳ ከዚህ ሞት አይድንም ነበር። እንግዲህ በውጭ አገር ቴሌቪዥን ስለ አእምሮ ሕመም ስንሰማ የማንሰማው ይህንን ነው።

ከዚያው አካባቢ የተገኘ ሌላ ግኝት አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ተመራማሪዎች በሽተኞቹን፣ ቤተሰቦቻቸውንና የጤና ባለሙያዎችን ጠየቁ። ሐኪም የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ ሕመሙን አለመቀበል፣ የመድኃኒቱ መጎዳት፣ እምነት። እነዚህም ተነሥተዋል። ጎልቶ የወጣው ግን ምግብ ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ሰውየው ይርበዋል፤ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም፤ ስለዚህ ረሃቡን ከሚቀሰቅስበት መድኃኒቱን ይተወዋል። በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናትም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ከባድ የምግብ እጥረት ከሌሎች ቤቶች እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ሕመሙ ቤቱን ያደኸያል፤ ድህነቱ ሕክምናውን ያቋርጣል፤ የተቋረጠው ሕክምና ሕመሙን ይመልሰዋል። ሎስ አንጀለስ ያለ ሐኪም ለዝነኛ ታካሚው ስለዚሁ መድኃኒት ሲያስረዳ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ እንዳትወፍር የሚል ነው። እዚህ የአንድ ኪኒን አንድ ጉዳት በሁለት መደብ ሁለት ትርጉም አለው፤ ከዚህ የበለጠ የመደብ ማስረጃ አልጠይቅም።

ላስታ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም። በልግ ሲከዳ፣ ዓመቱ ሲከፋ፣ በሴፍቲኔት ስንት ቤት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጉልበት ያለውን በሥራ፣ ጉልበት የሌለውን በቀጥታ ድጋፍ ይረዳል። አንድ ጥያቄ ግን ይኑረን፤ አካሉ ሙሉ የሆነ፣ ነገር ግን በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጠዋት ተነሥቶ እርከን መሥራት የማይችል ወጣት በቀበሌው ዝርዝር የት ይመደባል? ሰነፍ ተብሎ ከሁለቱም ከወጣ መድኃኒቱን የሚውጥበት እንጀራ ከየት ይመጣል? የአእምሮ ጤና ጥያቄ እዚህ የምግብ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚመጣው።

የመናገር ዋጋም እንዲሁ እኩል አይደለም። ዝነኛው ስለ ሕመሙ ሲናገር የሚያጣው ነገር አለ። ኦሳካ ተቀጥታለች፤ ባይልስ በአገሯ ሰዎች ፈሪ ተብላ ተሰድባለች፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ቤታቸውና ሐኪማቸው አልቀሩባቸውም። የደጋው ገበሬ ወይም ልጁ ሲናገር የሚያጣው እኅቱን የሚያገባት ሰው፣ መሬቱን በእኩል የሚያርስለት ጎረቤት፣ በቅሬው (በዕድሩ) ስብሰባ የሚደመጥ ቃሉ ነው። እናት ልጇን በሰንሰለት የምታስረው ስለጨከነች አይደለም፤ እርሻ አላት፣ የሚጠብቅላት የለም፣ ገደሉ ቅርብ ነው። ይህችን እናት “ዝምታውን ስበሩ” ማለት ምን እንደሚጠቅማት አላውቅም። እሷ ከተናገረች ቆይታለች። ያጣችው አድማጭ ነው።

የእኛዎቹ ታዋቂ ሰዎችስ? እዚህ መልኩ ትንሽ ይለያል። በአገራችን ዝነኛው ስለ ራሱ ሕመም ሲናገር መስማት ገና ብርቅ ነው፤ የተለመደው ለሌሎች ሕሙማን ሲለምን ማየት ነው። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በቢንያም በለጠ ከተመሠረተ ወዲህ ዘፋኙም፣ ተዋናዩም፣ የመድረክ መሪውም ለማዕከሉ ገንዘብ አሰባስበዋል። ከጎዳና ተነሥተው የታጠቡ፣ የበሉ፣ የተጠለሉ ሰዎች አሉ፤ ይህን የሚንቅ ሰው ከማዕከሉ በር ላይ ቆሞ ይናቀው። ግን ሕመምተኛው እዚያ የሚታየው እንደ ወደቀ ሰው ነው፤ ስጦታው ያነሣዋል፣ መብት ግን አይሰጠውም። ከዚህ በተቃራኒ እሌኒ ምሥጋናው የምትመራው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር ሕመሙን የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ጠያቂ የሆኑበት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምሕረት ደበበም ስለ አእምሮ የሚነገረውን ነገር ከሆስፒታል ግቢ አውጥቶ ወደ መጽሐፍና ወደ አዳራሽ ያመጣ ሰው ነው፤ አዳራሹ ያለው ከተማ መሆኑ የእሱ ጥፋት አይደለም።

“ይህን ያህል ካነሣህ ሰዎቹን ዝም ታሰኛቸዋለህ፤ ያለው ነውር ይበቃናል” የሚሉኝ አሉ። ብርቱ ተቃውሞ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ አእምሮ ሕመም ነውርና መድሎ የተሰየመው የላንሴት መጽሔት ኮሚሽን፣ ነውርን ከሁሉ በተሻለ የሚቀንሰው ሕመሙ ካለበት ሰው ጋር መገናኘት ነው ብሏል። ስለዚህ ታዋቂ ሰው ወጥቶ “እኔም ታምሜያለሁ” ማለቱ ፍሬ አለው። ከኤች አይ ቪ ዘመን ያየነው ግን መናገር ብቻውን የት እንደሚቆም ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉትን ማኅበራት ያቋቋሙት፣ ቫይረሱ በደማችን አለ ብለው አደባባይ የወጡት ዝነኞች አልነበሩም። ዘፋኞቻችን በኅብረት “ማለባበስ ይቅር” ብለው ሲዘፍኑ መንገዱን እነዚህ ሰዎች ጠርገውት ነበር። ቢሆንም ነገሩን የገለበጠው በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል መጀመሩ ነው። ከዚያ በፊት የሚመረመር ሰው የሞት ፍርዱን ሊሰማ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ሊቀበል ሄደ። ነውሩም የቀለለው ሰዎች ዓይናቸው እያየ ሲድኑ ነው። እንግዲህ እኔ ዝነኛው ዝም ይበል አላልኩም። ከተናገረ በኋላ መድኃኒቱን ይጠይቅ ነው የምለው።

“ዝነኛ መንግሥት አይደለም፤ ከሰው የማይችለውን አትጠይቅ” የሚልም ይኖራል። ወሎ ይህን ክርክር ከማንም በፊት ያውቀዋል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የጋዜጠኛው ማይክል በርክ የረሃብ ዘገባ ከኮረም በቢቢሲ ሲተላለፍ ቦብ ጌልዶፍ የተባለ አየርላንዳዊ ዘፋኝ አየው፤ ባንድ ኤይድ የተባለው የዘፋኞች ኅብረትና ዘፈኑም፣ ሐምሌ 6 የተካሄደው የሙዚቃ ድግስ ላይቭ ኤይድም ከዚያ መጣ። ዘፋኝ መንግሥታትን ያፈረ ፊት ይዘው እንዲቀርቡ ማድረግ እንደሚችል ያኔ ታየ። ወቀሳውም ከዚያው ይጀምራል፤ በዘፈኑም በፊልሙም ወሎዬው እጁን ዘርግቶ ይታያል እንጂ አይናገርም። ይህ ወቀሳ እስከ ዛሬ አለ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ዘፈኑ ለአርባኛ ዓመቱ ሲታተም ዘፋኙ ኤድ ሺራን ድምፄን ለመጠቀም ቢጠይቁኝ ኖሮ እንቢ እል ነበር ብሏል። ግን ወቃሽም ይጠንቀቅ። ቢቢሲ በ2010 እ.ኤ.አ. የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ዋለ የሚል ስሜት የሚሰጥ ዘገባ አቅርቦ፣ ማስረጃ ስላልነበረው ዘግይቶ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ዝነኛን መተቸት ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ማስረጃ ይደረጋል።

ከምላስ ያለፉ ዝነኞችም አሉ። በወሎ ቪዲዮ ቤቶች ፊልሟ የታየላት ህንዳዊቷ ዲፒካ ፓዱኮን በድብርት መታመሟን ተናግራ በ2015 እ.ኤ.አ. ድርጅት አቋቋመች፤ ድርጅቷ በካርናታካ ግዛት ዳቫናጌሬ ገጠር ሕሙማን ነጻ ሕክምናና መድኃኒት እንዲያገኙ ከአገሬው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ጋር ይሠራል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ፣ እሱም ድብርቱን በግልጽ የተናገረ ሰው፣ በስልክ የምክር አገልግሎት ለሚሸጥ ኩባንያ ማስታወቂያ ሠራ። ሁለቱም ታመዋል፤ ሁለቱም ባለጸጎች ናቸው። አንዷ የሄደችው መክፈል ወደማይችለው፣ ሌላው መክፈል ወደሚችለው ነው። በጥያቄ እንመዝን ስል ይህን ማለቴ ነው።

ከእናንተ መካከል ደግሞ “ይህ ሁሉ መንፈስ ነው፤ መድኃኒቱ ጠበል ነው” የሚል አለ፤ ላሊበላ አጠገብ ሆኖ ይህን አለማንሣት አይቻልም። ጠበል ለድኻው ከሆስፒታል የሚቀርብ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ካህኑም ዘመዱን የሚያውቅበት ቦታ ነው። እሱን ከሐኪም ጋር ማጣላት የድኻውን ብቸኛ በር መዝጋት ነው። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው አብረው ይሠራሉ፤ ጠበልተኛው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒት ይወስዳል። ይህ አሠራር በ2021 እ.ኤ.አ. ተጠንቶ ታትሟል። ላስታ ውስጥ ከዚህ የተለየ ነገር እንዲሆን የሚያስገድድ ምክንያት አይታየኝም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ጦርነት ያወደመው አገር፣ ሆስፒታሉ የተዘረፈበት ዞን፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከየት ያመጣል? መልሱ ሐኪም አያስፈልግም የሚል ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ በየወረዳው። እዚሁ አገራችን በተደረገና በ2022 እ.ኤ.አ. በላንሴት ሳይካትሪ በታተመ ሙከራ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሲታከሙ፣ በሆስፒታል በሥነ አእምሮ ነርስ ከታከሙት ያላነሰ ውጤት አግኝተዋል። ዚምባብዌ ውስጥም ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሥራ አያቶችን አሠልጥኖ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው እንዲያማክሩ አድርጓል፤ ድብርትንም ቀንሷል። የሚያስፈልገው ሥልጠና፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የመሳሰሉ ርካሽ መድኃኒቶች ሳይቆራረጡ መምጣታቸው፣ በሽተኛውም በሴፍቲኔቱ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ መታቀፉ ነው። ለገና ላሊበላ መጥቶ የሚቀርጽ ታዋቂ ሰው ስለ አእምሮ ጤና መናገር ቢፈልግ፣ ካሜራው ፊት እነዚህን ሦስቱን በስማቸው ይጥራ፤ ማን እንደሚመልስለትም ይጠይቅ። እሱ እስኪመጣ ግን ቅሬዎች አሉ፤ ጤና ኤክስቴንሽኖች አሉ፤ የወረዳው ምክር ቤት አባላትም የመረጣችኋቸው ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመድኃኒቱ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በግንቦት ነው።